አገሬና የእሴይ እንጥል

ሲያትል፣ ቢከን ሂል ሰፈር፣ አገሬን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ወይ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው፣ ወይ ልጅ አሳድጎ አያውቅም። ልጅ የሚያስልበት ቤት ሁሉ ስልኳን ያውቃል። አጭር ናት፤ ትከሻዋ ግን በር ይሞላል። መዳፏ በዘይት ብዛት ሁልጊዜ ያብረቀርቃል፣ ጥፍሯ ሥር ደግሞ ታጥቦ የማይለቅ የእርድ ቢጫ አለ። ስትስቅ አትመጥንም፤ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን እንደ ጋራዥ በር ከፍታ ነው የምትስቀው። ታዲያ ያን ጊዜ ልብ ብሎ ወደ ውስጥ ያየ ሰው አንድ የጎደለ ነገር ያያል። ጉሮሯችን ደጃፍ ላይ እንደ ትንሽ ደወል የምትንጠለጠለው ሥጋ፣ እንጥል የምንላት፣ አገሬ የላትም። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ የላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡታጅራ አጠገብ፣ የክረምት ሳል ቤቱን ሲያንገጫግጭ በከረመበት ዓመት፣ አባቷ አንድ ቀን ጠዋት እንጥል ቆራጭ ይዞ መጣ። መጀመሪያ እሷን አስቀመጧት። አጎቷ ክንዷን ከኋላ ጠምዝዞ ያዘ፣ አባቷ ጭንቅላቷን ጉልበቱ መሐል ቀረቀረው፣ ሰውየው በጥርሷ መሐል እንጨት ሸጎጠና ጫፉ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ብረት ወደ ጉሮሮዋ ሰደደ። አገሬ እስከ ዛሬ የምታስታውሰው ሕመሙን አይደለም፤ ድምፁን ነው። ቀጭን ጅማት ሲበጠስ የሚሰማ ድምፅ፣ ያውም ከገዛ ራስ ቅሏ ውስጥ። ደም ተፋች፣ ጨው በጥብጠው አጉመጠመጧት፣ አለቀ።

ቀጥሎ የሦስት ዓመቱ ወንድሟ የአሰፋ ተራ ሆነ። በዚያው ብረት። ሰውየው ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ አስገባው። አሰፋ ግን እንደ እሷ ቀጥ አላለም፤ ታገለ፣ በተያዘበት ራሱን ወዘወዘ፣ ብረቱም ከታሰበለት ቦታ አልፎ ሄደ። አገሬ ጥግ ላይ ሆና የራሷን ደም ትተፋለች። አሰፋ መትፋት አልቻለበትም፤ ዋጠው። ሲውጥ ሲያስመልስ፣ ሲውጥ ሲያስመልስ ዋለና ፀሐይ ስትገባ ዝም አለ። ቆራጩ ምሳውን በልቶ፣ ተመርቆ ከሄደ ቆይቷል።

እንግዲህ ይህችው ልጅ ናት አድጋ፣ ወልዳ፣ ሲያትል ገብታ ቤልቪው ውስጥ የሕንድ መሐንዲሶች ቤት ልጅ ጠባቂ የሆነችው። ባልና ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ስለሚታገሉ ቤቱን የምትገዛው የባልየው እናት ነበረች። ልጆቹ አጂ ይሏታል፤ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። አጂ ሰባን ያለፈች፣ ቀጭን፣ እንደ ተርብ የምትናደፍ ሴት ናት። አገሬን ሁለት ወር ሙሉ ከኩሽና አባረረቻት። እንዲያውም አንድ ቀን ምስሩ ላይ ጨው አበዛሽ ብላ በእንጨት ማንኪያ ጣቷን አነደደችው። አገሬም ቂም ያዘች፤ ሻንጣዋን ልትሸክፍ ምንም አልቀራት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሲያትልን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሰተት ብሎ አይወርድም፣ እያካፋ እስከ ሚያዝያ ይቀመጣል። ትንሿ ልጅ ሳል ያዛት፤ እያንዳንዱ ሳል በቡጢ የተመታች ይመስል ያጥፋታል። አገሬ ለሆድ ቁርጠቷ ሁሌ ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዘውን ነጭ አዝሙድ አወጣች። አጂ ነጠቀቻት። አሸተተችው፤ ዐይኗ ፈጠጠ። ከመደርደሪያዋ የራሷን ጠርሙስ አውርዳ አጠገቡ ዘረገፈችው። አንድ ነው። ፍሬው አንድ፣ ሽታው አንድ። እነሱ አጅዋይን ይሉታል፣ እኛ ነጭ አዝሙድ፤ ይኸው ነው ልዩነቱ!

ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለቱ ሴቶች በተሰባበረ እንግሊዝኛ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ተፈታተሹ። እርዱ እርድ ነው፣ ዝንጅብሉ ዝንጅብል። የእኛ ጥምዝ ፒፓሊ ከሚሉት ጋር የአክስት ልጅ ነው። በሶብላችን ቱልሲ ከሚሏት ቅጠል ጋር በመዓዛ ይቀራረባል። አጂ ሥርዓቱን አስተማረቻት፤ አዩርቬዳ ይባላል፣ የሕንዶች የጥንት ሕክምና ነው። በእነሱ አባባል የሕፃን ገላ ብርድና እርጥበት ቶሎ ይሰበስባል፤ ካፋ ይሉታል። ክረምቱን ሙሉ ይጠራቀማል፣ አየሩ ለዘብ ሲል ይሟሟና በአፍንጫና በደረት ይወርዳል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ወተት፣ ሙዝ፣ ከፍሪጅ የወጣ ነገር ሁሉ ይታገድና ሙቅ ሾርባ ይሰጣል። ነጭ አዝሙዱ ታምሶ በንጹሕ ጨርቅ ይቋጠራል፣ መጀመሪያ በራስ ጉንጭ ይሞከራል፣ ከዚያ የልጁ ደረት ላይ ይደረጋል። የሰሊጥ ዘይት ለብ ብሎ ጀርባውና ውስጥ እግሩ ይታሻል። ዝንጅብልና እርድ በትንሽ ማር ይላሳል። ማሩ ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ በጭራሽ አይሰጥም፤ በዚህ ላይ አጂ ቀልድ አታውቅም።

አንድ የመጨረሻ ሕግም ነበራት። የሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ የልጅቷ ታናሽ ወንድም ሲተነፍስ የጎድኑ ሥጋ ወደ ውስጥ እየተሳበ አጥንቱ መቆጠር ጀመረ። አጂ የዘይቱን ጠርሙስ ከደነችና ልጇን መኪና አስነሣ አለችው። መሐንዲሱ ቁልፍ ፍለጋ ሲንከላወስ ጫማዋን አውልቃ ማጅራቱን አጮለችው። አገሬን ዞር ብላ አየቻትና፣ "አጥንት ሲታይ ዘይት የለም፤ ሐኪም ብቻ" አለቻት።

አገሬን ከሁሉ የገረማት ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ክረምት ልጅቷ ስትታሽ ትስቅ ነበር። የያዛት ሰው የለም፣ እንጨት የሸጎጠባት የለም፣ ደም የለም። አገሬ ያን ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ ፎጣ ነክሳ አለቀሰች። አሰፋን ከቀበሩት ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆኖ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ከአጂ ጋር ሠርታ ስትጨርስ፣ እንዳልኳችሁ፣ ቢከን ሂል ላይ ስሟ ገነነ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከስብከት በኋላ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይከቧታል። እሷም ዘይቷን ታሻለች፤ አጥንት የሚታይበት ልጅ ከመጣ ግን እናቱን እየገፈተረች ወደ ሆስፒታል ትሰዳለች። የራሷ የልጅ ልጅ ሲወለድማ ዓለም የእሷ ሆነ።

እሴይ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። እናቱ ሃሴት የአገሬ አንድ ልጅ ናት፤ አረጋውያን ቤት የነርስ ረዳት ሆና ትሠራለች። አባቱ ሌዊ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ ክንዱ የአገሬን ጭን ያክላል። ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ። ባለፈው መስከረም የሌዊ እናት እትዬ ሥራዬ በቤተሰብ ቪዛ መጡ። ያኔ ጦርነት ተጀመረ።

ሁለት አያት በአንድ ልጅ ላይ! አገሬ ዘይት ስታሽ እትዬ ሥራዬ በፎጣ ይጠርጋሉ። አገሬ ወተት ስትከለክል እትዬ ሥራዬ ጡጦ ይሞላሉ። ከገና በፊት እትዬ ሥራዬ የአገሬን ዘይት "የሕንድ ጥንቆላ" ብለው መታጠቢያው ውስጥ ደፉባት። አገሬ የእጃቸውን አንጓ ጨመቀች፤ አሮጊቷ በሌላው እጅ ጭልፋ አንሥተው ክርኗን አቀመሷት። በማግስቱ እሑድ ነበር። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን አንድ ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ዘመሩ፤ የአንዷ ክርን ጠቁሮ፣ የሌላዋ አንጓ አብጦ።

በየካቲት እሴይ ሳል ያዘው። አገሬ ሦስት ቀን ተመላለሰች። ቋጠረች፣ አሸች፣ አላሰች፤ ሐሙስ ዕለት ሳሉ ረገበለትና ምግብ ቀመሰ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አገሬ የተበላሸችው። ኩራት ወጠራት። እትዬ ሥራዬ ሶፋው ላይ ተቀምጠው እያዩ፣ እንደ ትልቅ ሐኪም የስልኳን መብራት አብርታ፣ የእሴይን ምላስ በማንኪያ ጫን አድርጋ ጉሮሮውን አየች። ከዚያም ለማንም ለምንም ሳይሆን፣ እንዲሁ አዋቂነቷ እንዲሰማላት፣ "እንጥሉ ቀልቷል፤ ወረድ ብሏልም" አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እንዲህ ያለውን ቃል ፈረንጅ ቢሰማው ወሬ ነው። እኛ ዘንድ ግን፣ በተለይ እትዬ ሥራዬ ባደጉበት ቤት፣ እንጥል ወርዷል ማለት ፍርድ ነው፤ ይቆረጥ ማለት ነው። ያውም ያን ሁሉ ጊዜ ሲሟገቷት የኖሩት ሴት በገዛ አፏ መስክራ! አገሬ ይህን ማወቅ ነበረባት፤ ከማንም በላይ እሷ ማወቅ ነበረባት።  እትዬ ሥራዬ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መኝታ ክፍል ገቡና በሩን ዘጉ። ይህ ሊያስፈራት ሲገባ አገሬ ረታሁ ብላ ደስ አላት።

ለካ እትዬ ሥራዬ ስልክ ላይ ነበሩ። ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ ተክለ ጻድቅ የሚባል ሰው አለ። አገር ቤት ወጌሻ ነበር፤ የተሰበረ ይጠግናል፣ የወለቀ ይመልሳል፣ እንጥልም ይቆርጣል። ብረቱን ሻንጣው ውስጥ ይዞ እንደመጣ ቼሪ መንገድ ላይ ካለው ምግብ ቤት ወሬውን ለቅመዋል። ሃሴት ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ናት። ሌዊ መጀመሪያ አይሆንም ብሎ ነበር፤ እናቱ አልቅሰው፣ እግሩ ሥር ወድቀው፣ ጡታቸውን አሳይተው አሸነፉት።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አገሬ አዲስ የሰሊጥ ዘይት በትልቅ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ቁልፍ ስላላት ማንኳኳት አያስፈልጋትም። በሩን እንደከፈተች የማታውቀው የወንድ ጫማ አየች። ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ እንዳለች ምድጃው ላይ የሚንተከተክ ድስት ታያት፤ ውኃ ብቻ። አጠገቡ የአልኮል ጠርሙስ። ብረቱን ቀቅለውታል። ለአሜሪካ ተብሎ የተጨመረ ሥልጣኔ።

ዞር ስትል ሳሎኑን አየች። እሴይ በጋቢ እንደ ጥቅል ተጠፍሮ አባቱ ጭን ላይ ነው። የሌዊ ክንድ ደረቱ ላይ ተጋድሟል። እትዬ ሥራዬ ተንበርክከው ጭንቅላቱን በሁለት መዳፋቸው ጨምቀዋል። ጀርባውን የሰጣት ሰውዬ በግራ እጁ ምላሱን በማንኪያ ተጭኗል፤ በቀኙ ያ ጫፉ የተቆለመመው ብረት አለ፣ ግማሹ ልጁ አፍ ውስጥ ገብቷል።

አገሬ መጮህ ፈለገች። አልጮኸችም። ከጮኸች ሰውየው ይደነግጣል፣ ልጁ ይወዛወዛል፣ ብረቱ ከታሰበለት ቦታ ያልፋል፤ ይህን የምታውቅ በዚያ ቤት ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች። ባዶ እግሯን፣ ጠርሙሱን በብብቷ ይዛ፣ በጣቶቿ እየረገጠች ምንጣፉን ተሻገረች። አምስት እርምጃ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመት ፈጀባት። ከጀርባው ደርሳ ብረቱን የያዘውን አንጓ በግራ እጇ ቆልፋ ያዘች። እንዳይገፋም እንዳይስብም አድርጋ፣ ልክ እንደ ድንጋይ። ከዚያ አፏን ከፈተችና ነከሰችው።

ነከሰችው ስል እንዲያው እንደ ልጅ ጨዋታ አይደለም። ጥርሷ ሥጋ አልፎ ጅማት ላይ ደረሰ። ተክለ ጻድቅ ነፍሱ እስክትወጣ አጓራ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ፣ አገሬ ብረቱን ሳታናውጥ በቀጥታ ከልጁ አፍ ሳበችና ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። አፏ በሌላ ሰው ደም ተሞልቶ ነበር። ተፋችው። እንደ አሰፋ አልዋጠችውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሲዖል ነው። ሰውየው ዞሮ በጥፊ አላሳት፤ ጆሮዋ ጮኸ። እሷም የዘይቱን ጠርሙስ አናቱ ላይ ከሰከሰችው። መስተዋትና የሰሊጥ ዘይት ሳሎኑን አለበሰው። እትዬ ሥራዬ ልጁን ይዘው ወደ ግድግዳው ሸሹ። ሌዊ ተነሥቶ አማቱን ሊይዝ ሲዘል እግሩ ዘይቱ ላይ ተንሸራተተ፤ ያ ሁሉ ቁመት እንደ ዛፍ ወርዶ የቡና ጠረጴዛውን ለሁለት ገመሰው። ተነሣ። የአገሬን ትከሻ ጨብጦ ከግድግዳው ጋር አላተማት፤ ከንፈሯ ተተረተረ፣ አንድ ጥርሷ ተነቃነቀ። እሷም ጥፍሯን ከጉንጩ እስከ አንገቱ አወረደችበት፣ ጉልበቷንም መጣል የሌለበት ቦታ ጣለችበት። ተንፍሶ በጉልበቱ ወረደ።

ተክለ ጻድቅ ጭንቅላቱ በዘይትና በደም ተለውሶ፣ አንጓውን ታቅፎ፣ ሦስት ጊዜ እየወደቀ ሦስት ጊዜ እየተነሣ በሩ ጋ ደረሰ። በካልሲው ወጣ። ጫማው እዚያው ቀረ።

አገሬ ከግድግዳው ተላቃ ወደ እትዬ ሥራዬ ሄደች። አሮጊቷ ልጁን በአንድ ክንድ እንዳቀፉ ከምድጃው ጥግ የድስቱን ክዳን መንጭቀው እንደ ጋሻ ያዙ።

"እንዳትጠጊኝ" አሉ። "ራስሽ ነሽ ወርዷል ያልሽው። አንቺ ነሽ ያልሽው።"

 እውነት ነዋ።

"አንዲት ልጅ ቀብሬአለሁ እኔ" አሉ እትዬ ሥራዬ። "ጸጋ ትባላለች። አባቷ ልጄ አትቆረጥም ብሎ ከለከለኝ፤ እሺ አልኩት። እንደ ውሻ እየጮኸች በሁለት ቀን ሞተች። አምስቱን አስቆርጬ አምስቱም አድገዋል። ያላስቆረጥኳትን ነው አፈር የበላት።"

"እኔ ደግሞ የተቆረጠውን ነው የቀበርኩት" አለች አገሬ።

ሁለቱ ሴቶች እየተፋጠጡ ሳሉ እሴይ አሳለ። የሐሙሱ ሳል አልነበረም። ደረቅ፣ ባዶ፣ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ የውሻ ጩኸት። ከዚያ አየር ሲስብ ፉጨት ተሰማ። የእትዬ ሥራዬ ፊት አመድ ሆነ፤ ያን ድምፅ ያውቁታል። ክዳኑ ወደቀ። አገሬ ጋቢውን ፈታችው ከማለት ቀደደችው ቢባል ይሻላል፤ ሸሚዙን ወደ ላይ ገለበጠች። ልጁ በተነፈሰ ቁጥር ሥጋው በጎድኑ መሐል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አጥንቱ ይቆጠራል።

"ሌዊ፣ መኪና" አለች።

ሌዊ ወለሉ ላይ ሆኖ አያት። ከደቂቃ በፊት ግድግዳ ላይ ያላተማት ሴት ናት። "ማዘር፣ ዘይቱ…" አለ እንደ ሞኝ።

"አጥንት ሲታይ ዘይት የለም። ተነሥ።"

የሰፈሩ ቁልቁለት ላይ ሌዊ ሁለት ቀይ መብራት ጣሰ። አሪፍ አነዳድ አልነበረም፤ ዘይት የነካው እጁ መሪው ላይ እየተንሸራተተ አንድ የቆሻሻ በርሜል ገጭቶ አሽቀነጠረ። አገሬ ኋላ ወንበር ላይ እሴይን ቀና አድርጋ ይዛ፣ መስኮቱን ከፍታ ቀዝቃዛውን አየር አስገባችለት። ካፋ፣ ብርድ፣ እርጥበት፣ ያን ሁሉ ትምህርት ረሳችው፤ ልጁ አየር ይፈልጋል፣ በቃ። እትዬ ሥራዬ ከጎኗ ሆነው የልጁን እግር ይዘዋል፤ የሚጸልዩት ግን ጸጋን እየጠሩ ነበር። ከንፈሯ የተተረተረ ሴት፣ ፊቱ የተቧጨረ ጎረምሳ፣ በዘይት የታጠቡ አሮጊት፣ ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ የዘበኛው እጅ ወደ ሬድዮው ሄደ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ልጁን ከአገሬ ጭን አላስነሣችውም፤ እንዳያለቅስ ብላ። በአፉ የሚዋጥ አንድ መጠን መድኃኒት ሰጠችው፣ ፊቱ አጠገብ የሚጨስ የትንፋሽ መድኃኒት ያዘችለት። ክሩፕ ይባላል አለች፤ ጉንፋኑ ወደ ታች ወርዶ የድምፅ ሣጥኑ አካባቢ ሲያብጥ የሚመጣ ነው። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ቀነሰ። የጎድኑ ሥጋ መሰርጎዱን ተወ። 

ሃሴት ከሥራ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ደረሰች። ከበሩ ላይ ሦስቱን አየች፤ ማንን ቀድማ እንደምትጠይቅ ጠፋት። ነርሷም በዚያው መሐል አገሬን ማን መታሽ ብላ ጠየቀች፤ ወረቀት ይዛለች።  ሌዊ ወለሉን ያያል። ብትዋሽ ይተርፋል፤ ደረጃ ላይ ወደቅኩ ማለት ብቻ ነው። ከዋሸች ግን ያ ሰውዬ ነገ ሌላ ልጅ አፍ ውስጥ ይገባል። አገሬ መጀመሪያ ወደ ልጇ ዞረች።

"እንጥሉ ወርዷል ያልኩት እኔ ነኝ" አለቻት። "ለመኩራራት። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ከዚያች ቃል ነው የመጣው።"

ቀጥላ ስለ ተክለ ጻድቅ ተናገረች፤ ስሙን፣ የሚሠራበትን፣ ሁሉንም። ስለ ሌዊ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሌዊ ቀደማት። "አይ ዲድ ኢት" አለ ለነርሷ። ከዚያ በአማርኛ፣ ለሃሴት፣ "የያዝኩት እኔ ነኝ። ማዘርንም የመታሁት እኔ ነኝ።" ሃሴት ሄዳ በጥፊ መታችው፤ አንድ ጊዜ፣ በነርሷ ፊት። ከዚያ ልጇን ከእናቷ ጭን ተቀበለች። ነርሷ ወረቀቷን ይዛ ሰው ልትጠራ ወጣች፤ ብዙ ጥያቄ፣ ብዙ ሳምንት የሚፈጅ ነገር እንደሚመጣ ሁሉም ገብቷቸዋል።

እትዬ ሥራዬ እስከዚህ ድረስ ጥግ ወንበር ላይ ናቸው። ሐኪሟ ልጁን ደግማ ልታይ ስትመጣ ሌዊን አስተርጉምልኝ አሉት። እንደ ውሻ እየጮኸች፣ ስትተነፍስ እያፏጨች፣ በሁለት ቀን የሞተች ልጅ ነበረችኝ፤ ያ ምን ነበር በላት አሉ። ሌዊ ተረጎመ። ሐኪሟ ሳታያት እርግጠኛ መሆን እንደማትችል፣ ነገር ግን ይኸው በሽታ ሊሆን እንደሚችል፣ እንጥል ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌላት ነገረቻቸው። ቢቆረጥ ኖሮ አይረዳትም ነበር አለች። ቀስ ብላ፣ በደግነት ነው ያለችው። እትዬ ሥራዬ ግን ከዚያ ቀን ዱላ ሁሉ ይልቅ ይህ ነበር የጣላቸው። ዐርባ ዓመት ባላቸውን ሲራገሙ ኖረዋል፤ ሰውየውም ልጄን ገደልኩ እንዳለ ነው የሞተው።

ሐኪሟ የእሴይን አፍ በመብራት ስታይ አሮጊቷ ተነሥተው ተጠጉ። አዩት። ቀይ፣ ትንሽ፣ ተንጠልጥላ፣ በቦታዋ። ሐኪሟ ስትወጣ ወደ አገሬ ዞረው የራሳቸውን አፍ ከፈቱ። ባዶ ነው። አገሬም የተሰነጠቀ ከንፈሯ እያመማት ከፈተችላቸው። ሁለት ትልልቅ ሴቶች አፋቸውን ከፍተው ሲተያዩ ሃሴት ያበዱ መሰላት።

"ያ ነገር አንቺ ጋ ነው?" አሉ እትዬ ሥራዬ።

አገሬ ከኮቷ ኪስ ብረቱን አውጥታ ሰጠቻቸው። ግድግዳው ላይ መርፌና ስለታም ነገር የሚጣልበት ቀይ ሣጥን አለ። እትዬ ሥራዬ ያን ብረት በአፉ ከተቱት። አልገባም፤ የተቆለመመው ጫፍ ጠርዙ ላይ ያዘው። ገፉት። አልገባም። በመዳፋቸው መቱት፣ በክርናቸው መቱት፣ እንባቸው እየወረደ በቡጢ ደበደቡት። አገሬ ሄዳ ከላይ በኩል እጇን ጨመረች። ሁለቱ ተጋግዘው ቢጫኑት ብረቱ ተጣምሞ፣ ቋ ብሎ ወደ ታች ወደቀ።

እሴይ ከእናቱ ትከሻ ላይ ቀና አለ። ድምፁ ገና ሻካራ ነው፤ ፉጨቱ ግን የለም።

"አጌን" አለ ጣቱን ወደ ሣጥኑ ቀስሮ፤ ድገሙት ማለቱ ነው።